ነዌ፣ ደጁና ሌቪታውን

የዛሬው ትምህርት መነሻ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ነው፤ የባለጸጋው የነዌና የአልዓዛር ነዳይ ታሪክ። ይህን ታሪክ ስናነሣ ብዙ ጊዜ ወደ ሲኦሉ እንቸኩላለን። እሳቱ፣ ጥማቱ፣ በመካከል ያለው ገደል ያስፈራል፤ ልብም ይይዛል። ዛሬ ግን ከሞት በፊት ባለው ክፍል፣ ደጁ ላይ እንቆይ።

ወንጌሉ ነዌ አልዓዛርን መታው አይልም። አላባረረውም፣ አልሰደበውም፣ ያለውንም አልቀማውም። ታዲያ ምን አደረገ? ምንም። ጥፋቱም እሱ ነው። ሰው በደጁ ወድቆ ሳለ ወጣ፣ ገባ፣ በላ፣ ለበሰ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሳለ ስለ አልዓዛር ባስተማራቸው ተከታታይ ስብከቶች፣ ካለን ላይ ለድኻ አለማካፈል ራሱ ቅሚያ ነው ብሎ አስተምሯል። እንግዲህ ኃጢአት ባለማድረግም ይሠራል። ይህን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ብዙ የማናስበው ግን ሰው ድኻውን ላለማየት የሚመች ቤት፣ ሰፈርም ጭምር፣ ሊሠራ መቻሉን ነው።

ምሳሌውን ከአሜሪካ እናምጣ፤ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዷቸው። በ1947 ዊልያም ሌቪት የተባለ ቤት ሠሪ ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ድንች ይበቅልበት በነበረ ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ቤቶች መደርደር ጀመረ። ሠራተኛው አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ከቤት ወደ ቤት ስለሚሸጋገር በቀን እስከ 30 ቤት የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። በጥቂት ዓመታት ከ17,000 በላይ ቤቶች ቆሙ፤ ሰፈሩም ሌቪታውን ተባለ። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር መንግሥት ዋስ በሆነለት ብድር፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ የቤት ባለቤት መሆን ቻለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቃልለው። ደንብም ነበረው፦ ሣሩ በየሳምንቱ ይታጨድ፣ ቅዳሜና እሑድ ልብስ ውጭ አይሰጣ፣ አጥር አይታጠር።

አጥር አለመኖሩ አያታልላችሁ። አጥሩ ወረቀት ላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ውሎች ከነጭ ዘር ውጭ የሆነ ሰው በቤቱ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ገብቷል፤ የቤት አገልጋይ ከሆነ ግን ይፈቀድለታል። ነዌ እንኳ ይህን አላስፈረመም።

በኦገስት 1957 ማየርስ የተባለ ጥቁር ቤተሰብ ፔንስልቬኒያ በሚገኘው ሌላው ሌቪታውን ቤት ገዝቶ ገባ። ሰው እየተሰበሰበ ጮኸባቸው፣ ድንጋይ ወረወረ፣ መስኮታቸውን ሰበረ፤ የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ መግባት ግድ ሆነበት። ከጎናቸው የሚኖሩ አይሁዳውያን ባልና ሚስት ግን አብረዋቸው ቆሙ። ያ ሰፈር ደጉ ሳምራዊን አላጣም ማለት ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር «ሊቭ ኢት ቱ ቢቨር» የሚባል ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተጀመረ፦ የተከረከመ ሣር፣ ክራባት ያሰረ አባት፣ የአንገት ሐብሏን ሳታወልቅ ማዕድ ቤት የምትገባ እናት፣ ችግሩ በግማሽ ሰዓት የሚፈታለት ልጅ። በድንጋዩና በድራማው መካከል ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው።

አፈወርቅ በእነዚያው ስብከቶች ይህን ዓለም ከቴአትር ጋር ያነጻጽረዋል፤ ሲመሽ ጭምብሉ ይወልቃል፣ ንጉሥ መስሎ የታየውም ማንነቱ ይታያል። ከዚያ ድራማ በኋላ የመጣው ጥበብ ይህን ጭምብል ማውለቁን ሥራዬ ብሎ ያዘ። ጆን ቺቨር በ1964 ባወጣው «ዋናተኛው» በተባለ አጭር ልቦለድ አንድ ሰው በጎረቤቶቹ የመዋኛ ገንዳዎች እየዋኘ ወደ ቤቱ ይጓዛል፤ ሲደርስ ቤቱ ተቆልፏል፣ ውስጡም ባዶ ነው። ደጁ በገዛ ባለቤቱ ላይ ተዘጋ። በርባንክ ውስጥ ያደገው ቲም በርተን በ1990 ባቀረበው ፊልም እጆቹ መቀስ የሆኑ እንግዳ ወጣት መጀመሪያ ሰፈርተኛው ሁሉ ይወደዋል፣ በኋላ ያሳድደዋል። ሙዚቃውስ? የ1960ዎቹ ወጣቶች በወላጆቻቸው ጋራዥ የጀመሩት ጩኸት ስሙን ከዚያው ጋራዥ ወሰደ።

እነዚህን ሥራዎች እወዳቸዋለሁ። ንስሓቸው ግን ግማሽ ነው። ነዌ ብቸኛ መሆኑን፣ ማዕዱም እንደማያጠግበው ይነግሩናል፤ አልዓዛርን ግን አያሳዩንም። ሣሩን የሚያጭደው፣ ወለሉን የምትወለውለው ብዙ ጊዜ ስም የላቸውም። ወንጌሉ በተቃራኒው ነው፤ በስሙ የተጠራው ድኻው ነው። ነዌ የሚለውን ስም ያገኘነው ከትውፊት ነው።

ከደጁ ውጭ ያለውን ድምፅ መስማት የፈለገ የሎሬይን ሃንስቤሪን ቴአትር ይመልከት። በ1959 ብሮድዌይ ላይ በታየው «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» አንድ ጥቁር ቤተሰብ በቺካጎ የነጮች ሰፈር ቤት ይገዛል፤ የሰፈሩ ተወካይም መጥቶ እንዳይገቡ ገንዘብ ያቀርብላቸዋል። ሰውየው አይሳደብም፣ አይጮኽም፤ በጨዋ ቋንቋ ይናገራል። ደራሲዋ ይህን ከሩቅ አልሰማችም፤ አባቷ በዚያች ከተማ በገዛው ቤት የተነሣ የተከፈተው ክስ በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር።

ታዲያ ሰፊ ቤትና ሣር ያለው ሁሉ ነዌ ነውን? አይደለም። አብርሃምም ባለጸጋ ነበር፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 ከብቱን፣ ብሩንና ወርቁን ይጠቅስለታል። አልዓዛር ከጻድቃን ሁሉ ተለይቶ በአብርሃም እቅፍ ለምን ተቀመጠ? አፈወርቅ ምክንያቱ የአብርሃም እንግዳ ተቀባይነት ነው ይላል። በመምሬ የአድባር ዛፍ አጠገብ፣ በቀትር ሙቀት፣ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር፤ መንገደኞቹን ሲያይ ሮጠ። አብርሃምና ነዌ ሁለቱም ሀብትም ደጅም ነበራቸው፤ አንዱ ደጁ ላይ ተቀመጠ፣ ሌላው አልፎት ሄደ። በአሜሪካ ብዙ የቀድሞ ቤቶች መንገዱን የሚያይ በረንዳ ነበራቸው። በአዲሶቹ ሰፈሮች መቀመጫው ወደ ጓሮ ዞረ፣ ፊት ለፊቱን ጋራዥ ያዘው። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ቁልፍ ይጫናል፣ ይገባል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል።

ይህ የሌላ ሰው ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ብዙ ነን። በሲልቨር ስፕሪንግ ዙሪያ ቀድሞ የተሸጡ ብዙ ቤቶች ሰነዳቸው ጥቁር እንዳይኖርባቸው ይከለክል ነበር። ዛሬ በእነዚያ ሰፈሮች የጽዋ ማኅበር በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ መኪናው መንገዱን ይሞላል፣ ጎረቤቱም በመጋረጃ ያያል። ደስ ይላል። የአብርሃም ድንኳን ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ እኛ የምንጠራው የምናውቀውን ነው፣ እሱ የሮጠላቸውን አያውቃቸውም ነበር። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት የግራና የቀኝ ጎረቤቶቻችሁን ስም ጠይቃችሁ ኑ። ሣራችሁን የሚያጭደው ሌላ ሰው ከሆነ የእሱንም ጨምሩ።