ንድፍ ከመልክ በፊት፦ የጋንዶ ትምህርት ቤት የሚያስተምረን የአርክቴክቶች አሠራር

የሕንፃ ንድፍ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የሕንፃው መልክ ነው። ፎቁ ስንት ነው? ፊቱ የተሸፈነው በመስተዋት ነው ወይስ በድንጋይ? እንላለን። በአርክቴክቶች ቢሮ ውስጥ ግን ጥሩ ሥራ የሚጀመረው ከጥያቄ ነው። ሕንፃው የሚሠራው ለማን ነው? ቦታው ምን ዓይነት ፀሐይ፣ ነፋስና ዝናብ ያገኛል? በአካባቢው ምን የግንባታ ዕቃ ይገኛል? ማን ይገነባዋል? ሲጎዳስ ማን ይጠግነዋል? መልኩ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሆኖ ኋላ ይመጣል።

በዚህ ጽሑፍ ይህን አሠራር በአንድ እውነተኛ ሕንፃ ላይ እንመረምራለን። ሕንፃው በምዕራብ አፍሪካ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር የሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የመረጥነው በትልቅነቱ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍሉ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በምናውቀው ፊዚክስ ሊብራራ የሚችል በመሆኑ ነው።

ጥያቄው ከየት ተነሣ?

የትምህርት ቤቱ ንድፍ አውጪ ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያችው በጋንዶ ተወለዱ። በመንደሯ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ገና በ7 ዓመታቸው ከቤተሰባቸው ተለይተው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። የተማሩበት ክፍል ከ100 በላይ ሕፃናት የሚታጨቁበት፣ ብርሃንና አየር የጎደለው ነበር። ኋላም በእንጨት ሥራ ሙያ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ጀርመን ተጓዙ፤ በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ሥነ ሕንፃ አጠኑ። የጋንዶ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጠናቀቅ እርሳቸው ገና ተማሪ ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄው የቀረበው ከነመከራው ነው። በቡርኪና ፋሶ በበጋው ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በመንደሯ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ስለዚህ አየር ማቀዝቀዣ ሊታሰብ አይችልም። ገንዘቡ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል አፈር በብዛት አለ፣ የሰው ጉልበትም አለ። የንድፍ አውጪው ተግባር ከእነዚህ ነገሮች ሕፃናት በውስጡ ተቀምጠው ሊማሩበት የሚችሉ ክፍል ማውጣት ነበር።

ግድግዳው፦ ሙቀትን የሚያዘገይ

በሀገራችንም እንደሚታወቀው የጭቃ ቤት በቀትር ቀዝቀዝ ይላል፣ ሌሊት ደግሞ ሞቅ ይላል። ምክንያቱን በቀላል ስሌት እንመልከት።

ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአፈር ግድግዳ እንውሰድ። ይዘቱ 0.3 ሜትር ኩብ ነው። የታመቀ አፈር በሜትር ኩብ 1900 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የግድግዳው ክብደት 570 ኪሎ ግራም ይሆናል። የ1 ኪሎ ግራም አፈርን ሙቀት በ1 ዲግሪ ለመጨመር በግምት 0.9 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህ ግድግዳ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 513 ኪሎ ጁል መቀበል አለበት።

አሁን ተመሳሳይ ስፋት ያለውና ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ እንውሰድ። ክብደቱ 3.1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የ1 ኪሎ ግራም ብረትን ሙቀት በ1 ዲግሪ ለመጨመር 0.46 ኪሎ ጁል ስለሚበቃ፣ ለቆርቆሮው የሚያስፈልገው 1.4 ኪሎ ጁል ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ350 እጥፍ በላይ ነው።

ይህም ማለት ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው በደቂቃዎች ውስጥ ሲግል፣ ወፍራሙ የአፈር ግድግዳ ግን ሙቀቱን ወደ ውስጥ ለማድረስ በርካታ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሙቀቱ ውስጠኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ሌሊቱም ግድግዳውን መልሶ ያቀዘቅዘዋል።

ሆኖም አፈር አንድ ትልቅ ጠላት አለው፤ እርሱም ውኃ ነው። በጋንዶ የመንደሩ ሰዎች በጭቃ ትምህርት ቤት የመሥራት ሐሳብ ሲቀርብላቸው የተጠራጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የጭቃ ቤት በየክረምቱ ሲፈርስ አይተዋል። መልሱ ሁለት ሆነ። በመጀመሪያ አፈሩ ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ በመጭመቂያ መሣሪያ ወደ ጠንካራ ብሎኬት ተለወጠ። ሁለተኛ፣ ጣራው ከግድግዳው ርቆ እንዲወጣ ተደረገ። ሰፊው የጣራ ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል፣ የቀትሩን ፀሐይም ይከላከላል።

ጣራው፦ ሁለት ሆኖ የሚሠራ

ቆርቆሮ ርካሽና ዝናብ የማያስገባ ነው፤ ነገር ግን በቀጥታ በተማሪ ራስ ላይ ሲሆን ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። የሚያሞቀንም አየሩን በማሞቅ ብቻ አይደለም፤ የጋለው ብረት ሙቀትን በጨረር መልክ ቁልቁል ይልክብናል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጩኸቱ የመምህሩን ድምፅ ይውጠዋል።

ኬሬ ቆርቆሮውን አልተዉትም፤ ከክፍሉ አራቁት። ክፍሉን ከላይ የሚዘጋው ከአፈር ብሎኬት የተሠራ፣ አየር የሚያሳልፍ ኮርኒስ ነው። ከእርሱ በላይ ቀጫጭን የፌሮ ብረቶችን በመበየድ የተሠራ ካፕሪያታ ቆሟል፤ ቆርቆሮው የተሸከመው በዚህ ላይ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ እንደ ልብ ያልፋል። የቆርቆሮው ጨረር በኮርኒሱ ይገታል፤ በመካከል የሞቀውንም አየር ነፋሱ ይዞት ይሄዳል።

ሌላም ጥቅም አለ። የሞቀ አየር እፍግታው ስለሚቀንስ ወደ ላይ ይወጣል። በ30 ዲግሪ የ1 ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.165 ኪሎ ግራም፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ 1.128 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በታችኛውና በላይኛው ክፍተት መካከል የ3 ሜትር ከፍታ ቢኖር፣ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት 0.037 × 9.8 × 3፣ ማለትም 1.1 ፓስካል ገደማ ነው። ይህ ከከባቢ አየር ግፊት አንድ መቶ ሺኛ ያህል ነው። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የተፈጥሮ አየር ዝውውር የሚገፋው ኃይል እጅግ ደካማ ስለሆነ መንገዱ ሰፊና ያልተዘጋ መሆን አለበት። ከጣራው ሥር የተተወችው ጠባብ ቀዳዳ አትበቃም። መስኮቱም፣ ኮርኒሱም፣ የጣራውም ከፍታ አብረው መታሰብ አለባቸው።

ገንቢው፦ የንድፉ አካል

የጋንዶን ትምህርት ቤት የገነባው የመንደሩ ሕዝብ ነው። ሕፃናት ለመሠረቱ ድንጋይ ሰበሰቡ፤ ሴቶች ውኃ ቀዱ፣ ወለሉንም ደቀደቁ። ወጣቶች ብሎኬት መሥራትንና ብረት መበየድን ተማሩ። ካፕሪያታው ከቀጭን ፌሮ የተሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ከባድ ማንሻ መሣሪያ ሳያስፈልግ በሰው ጉልበት ሊሸከሙትና ሊሰቅሉት የሚቻል ነበር። የሠራ ሰው ይጠግናልና ሕንፃው ባለቤት አገኘ። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን ተሸለመ። ከጊዜ በኋላም ግቢው እየሰፋ ሄዶ የተማሪው ቁጥር ከ120 ወደ 700 አደገ። ኬሬም እ.ኤ.አ. በ2022 በሙያው ከፍተኛ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ።

ከክፍል ወደ አደባባይ

አርክቴክት የሚነድፈው ክፍልን ብቻ አይደለም፤ በክፍሎች መካከል ያለውንም ቦታ ነው። በጋንዶ ሦስቱ ክፍሎች ተለያይተው በአንድ ረጅም ጣራ ሥር ተደርድረዋል። በመካከላቸው የቀሩት ክፍት ቦታዎች ጥላ ስላላቸው ሕፃናት ይጫወቱባቸዋል፣ ትምህርትም ይሰጥባቸዋል። ያለ ተጨማሪ ግድግዳ ተጨማሪ ክፍል ተገኘ ማለት ነው።

ይኸው ሐሳብ በሌሎች ሥራዎቻቸውም ይታያል። በኩዱጉ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በተጠናቀቀው የሾርጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎቹ አንድ የጋራ ግቢን ከበው ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን በሰርፐንታይን ጋለሪ የሠሩት ጊዜያዊ ድንኳን ደግሞ መነሻው ዛፍ ነበር፤ ሕዝብ ከጥላው ሥር ተሰብስቦ የሚመክርበት ዛፍ። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሀገራችን ሽማግሌዎች በዋርካ ጥላ ሥር የሚሸመግሉት ጥላ ሰውን አቀራርቦ ስለሚያስቀምጥ ነው። አደባባይ የሚባለው ንጣፍ ድንጋይ ብቻ ከሆነና በቀትር ማንም የማይቆምበት ከሆነ፣ ንድፍ አውጪው የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘልሎታል።

መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን

ከዚህ ሁሉ «እንግዲያው በየቦታው በአፈር እንገንባ» የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ስሕተት ይሆናል። ወፍራም ግድግዳ በደንብ የሚጠቅመው የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ሰፊ በሆነበት ቦታ ነው። ሌሊቱም ቀኑም በሚሞቅበት እርጥበታማ ቆላ ግድግዳው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አያገኝም፤ በዚያ ጥላና ነፋስ ይበልጣሉ። በደጋ ደግሞ ችግሩ የጠዋቱ ብርድ ሊሆን ይችላል። ኬሬም ራሳቸው በኬንያ፣ የኦሞ ወንዝ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2021 ለተጠናቀቀ የወጣቶች ማሠልጠኛ የጋንዶን ንድፍ አልደገሙም። በዚያ አካባቢ የሚታዩትን የምስጥ ኩይሳዎች አስተውለው፣ የሞቀው አየር የሚወጣባቸው ረጃጅም ማማዎችን ሠሩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ቦታው ሲለወጥ መልሱ ተለወጠ።

በሌላ አየር ንብረት የተወለደን ንድፍ ገልብጦ ማቆም የሚያስከፍለው ዋጋ በየቀኑ የሚከፈል ነው። በመስተዋት የተሸፈነ ክፍል ከሰዓት በኋላ ሲግል፣ ወይ ለማቀዝቀዣ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ይከፈላል፣ ወይ ተማሪው በእንቅልፍ ይከፍላል።

በመጨረሻም ለአንባቢዎቻችን አንድ ሥራ እንሰጣለን። አንድ ቴርሞሜትር ይዛችሁ የመማሪያ ክፍላችሁን ሙቀት ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ፤ አንዱን ንባብ ከወለሉ አጠገብ፣ ሌላውን ከኮርኒሱ ሥር፣ ሦስተኛውን ከደጅ በጥላ ውስጥ ውሰዱ። ከዚያም ሙቀቱ በየት እንደሚገባና አየሩ በየት ሊወጣ እንደሚችል በወረቀት ላይ ሳሉ። ያ ሥዕል ውብ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የንድፍ ሥራ የሚጀመረው ከእርሱ ነው።