ጀልባን ሳንበሳ ጥልቀትን እንወቅ

ገደል ፊት ለፊት ቆመን ብንጣራ ድምፃችን ተመልሶ ይሰማናል። ይህም የገደል ማሚቶ ይባላል። ገደሉ ቅርብ ከሆነ ድምፁ ቶሎ ይመለሳል፤ ሩቅ ከሆነ ይዘገያል። የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው እንደ ትንሽ ቴሌቪዥን ሥዕል ያሳያል። ሁለተኛው ድምፅ ይልካል፣ የተመለሰውንም ይቀበላል፤ ስሙ ትራንስዱሰር ነው። ድምፁ በጣም ቀጭን ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም። ድምፅ በውሃ ውስጥ በ1 ሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሄዶ ለመመለስ የሴኮንድ 2 መቶኛ ከፈጀበት፣ ደርሶ መልሱ 30 ሜትር ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 15 ሜትር ነው።

ካያክ ጠባብና ቀላል ጀልባ ነው። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ከእንስሳት ቆዳ ይሠሩት ነበር። ዛሬ ብዙው ከፕላስቲክ ይሠራል። በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በካያክ ዓሣ ያጠምዳሉ።

መሣሪያውን ለመግጠም ሲባል የጀልባን ሆድ መብሳት አደጋ አለው። ቀዳዳው በደንብ ካልተደፈነ ውሃ ይገባል። በውጭ በኩል ቢታሰርም ድንጋይና አረም ያገኘዋል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ከውስጥ፣ ከወለሉ ላይ ያጣብቁታል። ድምፁ ጥቂት ይደክማል እንጂ ፕላስቲኩን አልፎ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ነገር ግን አንድ ጠላት አለ፤ እሱም አየር ነው። ድምፁ ከፕላስቲክ ወይም ከውሃ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ሁሉም ለማለት ይቻላል ወደ ኋላ ይመለሳል። ከመሣሪያው ሥር የአየር አረፋ ከቀረ መሣሪያው ይሳሳታል፤ አለዚያም ምንም አያሳይም። እንግዲህ እንዲህ እናድርግ፦

1. ከወለሉ ደልዳላ ቦታ እንምረጥ። ስፖንጅ ያለበት ወይም ድርብ የሆነ ወለል አይሆንም፤ አየር አለበት።

2. ሙጫ ሳንቀባ እንሞክር። ጀልባው ውሃ ላይ እያለ ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሰን መሣሪያውን እዚያው እናስቀምጥ። ከዚያ ገመድ ላይ ድንጋይ አስረን ጥልቀቱን እንለካ። ገመዱና መሣሪያው ከተስማሙ ቦታው ጥሩ ነው።

3. ወለሉን አድርቀን በብርጭቆ ወረቀት እንፈግፍገው፤ በአልኮልም እንጥረገው።

4. ለጀልባ የሚሆን ሙጫ በርከት አድርገን እንቀባ። መሣሪያውን ፊቱን ወደ ታች አድርገን፣ ቀስ እያልን እያዞርን እንጫነው። አረፋው በጎን ይወጣል።

5. ሙጫው እስኪደርቅ አንነካካው። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከሙጫው ዕቃ ላይ ተጽፏል። ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አየር ግን ጠላት ብቻ አይደለም። ብዙ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ የአየር ከረጢት አላቸው። ከዓሣው የሚመለሰው ድምፅ ብዙው ከዚህ ከረጢት ነው። ዓሣውን የሚያሳየን አየር ነው፤ ከመሣሪያው ሥር ሲገባ ደግሞ የሚያሳውረን እሱው ነው።

የጣና ሐይቅን ታንኳ እናስብ። ታንኳው ከደንገል ይሠራል። ደንገል በውስጡ ብዙ አየር ስላለው ይንሳፈፋል። ስለዚህ መሣሪያው ከታንኳው ወለል ላይ ቢቀመጥ ምንም አያይም። በእንጨት ታስሮ በታንኳው ጎን ውሃው ውስጥ መግባት አለበት። ለካያክ የሚበጀው ለታንኳ አይበጅም። የሌላውን አገር ብልሃት ስንወስድ ምክንያቱንም አብረን እንውሰድ።

ጀልባ አንዴ ከተበሳ እንደ ነበረ አይሆንም፤ ሙጫም አንዴ ከደረቀ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ አስቀድመን እንሞክር፣ ኋላ እናጣብቅ።

ጥያቄ
1. ከመሣሪያው ሥር አረፋ ቢቀር ምን ይሆናል?
2. ድምፁ ሄዶ ለመመለስ የሴኮንድ 1 መቶኛ ቢፈጅበት ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው?