በቀዶ ሕክምና መካከል የሚነሣ ሥዕል

ተማሪ፦ ጋሼ፥ ግራ ያጋባኝን ነገር ልጠይቅዎ። በፒቱታሪ ዕጢ ላይ የበቀለ እባጭ በአፍንጫ በኩል ተገብቶ ሲወጣ፥ ሕመምተኛው አስቀድሞ በኤም አር አይ ታይቶ የእባጩ ልክና ስፍራ በሚሊሜትር ተለክቶ ሳለ፥ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ሰውዬውን ማደንዘዣው ሳይለቀው ዳግመኛ ወደ መሣሪያው ማስገባት ምን ይረባል? ድካሙና ወጪው ከንቱ አይሆንም?

ሐኪም፦ ከንቱ የሚመስለው የስፍራውን ጠባይ ላልመረመረ ነው፤ ስለዚህ ከስፍራው እንጀምር። ይህች ዕጢ ክብደቷ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙዎቹን ሌሎች ዕጢዎች የምታዝ ስትሆን፥ ማደሪያዋ በራስ ቅል ወለል መካከል፥ የቱርክ ኮርቻ በሚባለው የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከበላይዋ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይገናኛሉ፤ በግራና በቀኝዋ አንጎልን የሚመግቡት ካሮቲድ የተባሉ ደም ቅዳዎች ያልፋሉ። እባጩ ወደ ላይ ሲያድግ ነርቮቹን ይጫናቸውና ሕመምተኛው ፊት ለፊቱን እያየ ዳርና ዳሩ ይጨልምበታል፤ በበር ሲያልፍ መቃኑ ትከሻውን ይመታዋል፥ እርሱ ግን እርጅና ወይም ድንግዝግዝ ይመስለዋል። ቀዶ ሐኪሙ የሚገባው ከታች ስለሆነ በመጀመሪያ የሚያገኘው የእባጩን እግር ነው፤ ነርቮቹን የተጫነው ራሱ ግን ከላይ ተሰውሮ ይቆያል።

ተማሪ፦ እንግዲያስ ቀደምቶቹ ያለ ሥዕል እንዴት ደፈሩ?

ሐኪም፦ ደፈሩ፤ የድፍረቱን ዋጋ ብዙውን ጊዜ የከፈሉት ግን ሕመምተኞቹ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ኸርማን ሽሎፈር በኢንስብሩክ ከተማ በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ሥራ ሠራ። አሜሪካዊው ሃርቬይ ኩሺንግ ከ1910 እስከ 1925 ድረስ 231 ሕመምተኞችን እንዲሁ ካከመ በኋላ፥ ነርቮቹን በዓይኑ እያየ መሥራትን መርጦ ራስ ቅልን ወደ መክፈት ተመለሰ፤ የእርሱም ስም ታላቅ ነበረና አብዛኞቹ ተከተሉት። የኤድንበርጉ ኖርማን ዶት ግን መንገዱን አልተወም፤ ዜማ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንደሚወርድ፥ ከዶት የፓሪሱ ዤራር ጊዮ፥ ከጊዮ ደግሞ የሞንትሪያሉ ዡል አርዲ ተማረው። ጊዮ የራጅ መስኮት በቀዶ ሕክምናው ክፍል አቆመ፥ አርዲም ማይክሮስኮፕ ጨመረበት። ስለዚህ ሊጠፋ የተቃረበው መንገድ የተነሣው ሐኪሞቹ ቀድሞ ከነበሩት ይልቅ ደፋሮች ስለሆኑ ሳይሆን፥ ማየት ስለቻሉ ነው።

ተማሪ፦ ራጅ ግን የሚያሳየው አጥንትን አይደለምን?

ሐኪም፦ አዎን፤ አጥንቱንና የመሣሪያውን ጫፍ ያሳያል፥ እባጩን ግን አያሳይም። ስለዚህ በወገብ በኩል አየር እያስገቡ፥ አየሩ ወደ ራስ ወጥቶ የእባጩን ጉልላት ከላይ ሲከበው ጥላውን በራጁ ላይ ይመለከቱ ነበር። ለሕመምተኛው ከባድ የነበረው ይህ ዘዴ የተተወው በኋላ ነው። በ1994 በቦስተን በብሪገም ሆስፒታል ኤም አር አይ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ቆመ፤ በጀርመን በኤርላንገን ደግሞ ሩዶልፍ ፋልቡሽና ባልደረቦቹ በ0.2 ቴስላ ማግኔት ጀምረው በ2002 ወደ 1.5 ቴስላ ተሻገሩ። በዚህ ነገር የኤርላንገኖቹን ትዕግሥት አደንቃለሁ።

ተማሪ፦ በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ የሚደረገውን ይንገሩኝ።

ሐኪም፦ ሐኪሙ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሲያምን ደሙን ይገታል፥ ጎድጓዳውን ያጸዳል፥ አፍንጫውም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። መርፌው፥ መቀሱ፥ መቆንጠጫው አንድ በአንድ ተቆጥሮ በጽሑፍ ይመሳከራል፤ የተረሳ ብረት በማግኔቱ ፊት እንደ ጥይት ይወነጨፋልና። ከዚያ አልጋው ከነሕመምተኛው ወደ መሣሪያው ይገባል፥ አዲሱም ሥዕል ከቀድሞው ጋር ይነጻጸራል። እባጩ ከሥር ሲጎድል በላዩ የነበረው ስስ ክዳን ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ አወራረዱ ከተጣመመ በእጥፋቱ ኋላ የተረፈ ክፍል ይደበቃል፥ ሐኪሙም ባዶ ስፍራ ያየ ይመስለዋል። የሥዕሉ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የሐኪሙን እርካታ ሕመምተኛው ሳይነቃ፥ ቁስሉም ሳይዘጋ ይመረምርለታል።

ተማሪ፦ ባልደረቦቼ ግን ኢንዶስኮፕ የተባለው ቀጭን መመልከቻ ከመጣ ወዲህ ማግኔቱ ትርፍ ነው ይላሉ፤ ጫፉ ያጋደለ ኢንዶስኮፕ ማዕዘኑን ዞሮ ያያልና።

ሐኪም፦ ከፊሉ እውነት ነው፤ ኢንዶስኮፕ ብዙ ጨለማ ገልጧል። ነገር ግን የሚያየው ገጽን ነው፤ ከእጥፋቱ ኋላ አይዘልቅም። ማግኔት ለመግዛት አቅም የሌለው ሆስፒታልም ባዶ እጁን አይደለም፤ ዶፕለር የተባለው እንደ እርሳስ የቀጠነ መሣሪያ የካሮቲድን የደም ድምፅ ስለሚያሰማ፥ ዕጢዋን የሸፈነውን መጋረጃ ከመቅደድ በፊት ደም ቅዳው ወዴት እንዳለ ይታወቃል።

ተማሪ፦ እንግዲህ ሥዕሉ ቅሬታ ካሳየ ሁልጊዜ ተመልሶ መቁረጥ ይገባል ማለት ነው?

ሐኪም፦ አይደለም! ይህን የሚል ሰው ሥዕሉን ፈራጅ አድርጎታል። አንደኛ ነገር፥ ትኩስ ደም እባጭ መስሎ ይታያል፤ ተመልሶ ገብቶ የረጋ ደም ብቻ ያገኘ ብዙ ነው። ከዚያም በላይ፥ ቅሬታው በካሮቲድ ዙሪያ ተጠምጥሞ ከሆነ መተው ብልህነት ነው፤ ይህ እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነና በዝግታ የሚያድግ ስለሆነ፥ ለተረፈው ጨረር ሊሰጥ ወይም በየጊዜው ሊታይ ይችላል፤ የተቀደደ ካሮቲድ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሥዕል የቀረውን ይነግርሃል፤ የትኛው ይቅር የሚለውን አንተ ትወስናለህ።

ተማሪ፦ እባጩ በኤም አር አይ የማይታይ ትንሽ ሲሆንስ?

ሐኪም፦ እባጩ ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን የሚያበዛበት የኩሺንግ በሽታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ እባጭ መላ አካልን ያውካል። በዚያ ላይ የማግኔቱ ምስክርነት ደካማ ነው፤ የሚታመነው ደም ነው። በሚቀጥሉት ቀኖች ጠዋት ደም ተቀድቶ ኮርቲዞል እጅግ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፥ እባጩ እንደ ወጣ ተስፋ ይደረጋል። ያን ጊዜ ግን በደስታ ተዘናግተህ ሕመምተኛውን እንዳታሰናብተው፤ ጤነኛው ዕጢ ለረጅም ጊዜ ተጨቁኖ ስለቆየ ወዲያው አይነቃም፥ እስኪነቃም ድረስ፥ ወራትም ቢፈጅ፥ ሃይድሮኮርቲዞን በኪኒን መውሰድ አለበት፤ ትኩሳት ወይም ትውከት ቢይዘውም መጠኑን ጨምሮ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም እንዲመጣ ለእርሱም ለቤተሰቡም በጽሑፍ ስጣቸው።