በስማችን የተወሰደችው ላም

 

ይህን የምንጽፈው ሥራችንን ለአዲሱ ሹራ ባስረከብንበት ሳምንት ነው። የሒሳብ መዝገቡን፣ የአባላቱን ዝርዝርና የኪታብ መደርደሪያውን ቁልፍ ሰጥተናል። በርክክቡ ላይ ከአዲሶቹ አንድ ወንድም «ከሁሉ የከፋው ስህተታችሁ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርስ ተያየንና መልሱን በጋዜጣችን ላይ እንጽፈዋለን አልን። ጽሑፉ አሚር ለሆነ ሰው ብቻ አይደለም። የብሎክ ተጠሪ፣ የዳዕዋ ዘርፍ ኃላፊ፣ የክፍል ተወካይ፣ የግሩፕ ፕሮጀክት መሪ፣ ሰው ልኮ የሚያሠራ ሁሉ ያንብበው።

ነገሩን ከላስታ እንጀምረው። ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ከመካከላችን የላሊበላ ልጅ የሆነው ወንድማችን ለእህቱ ኒካሕ ጠርቶን ሄደን ነበር። በማግስቱ ከከተማው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውን ነአኩቶ ለአብን አሳየን። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገቡት 11 የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ አይደለም፤ ከትልቅ ዋሻ ሥር የተገነባ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥሩ የተቀመጡት የተቦረቦሩ ድንጋዮች ይቀበሉታል። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ መሆን መጥፎ ነው፤ ሰው በጸጥታ ሲያይ እኛ ውሃው ከየት እንደሚሰርግ ስንከራከር ቆየን።

ክርስቲያን ወገኖቻችን ነአኩቶ ለአብን እንደ ንጉሥም እንደ ቅዱስም ያከብሯቸዋል። እኛ በእንግድነት ሄደን ይዘን የተመለስነው የወንድማችን ጎረቤት የሆኑ አንድ አዛውንት ያወጉንን ታሪክ ነው። ንጉሥ ላሊበላ በባለቤታቸው በመስቀል ክብራ ምክር ዙፋኑን ለወንድማቸው ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቀቁ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ካለፈ በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ላም ወሰዱ። ሰውየው ከዚያች ላም ሌላ አልነበረውም። ወሬው መስቀል ክብራ ጆሮ ደረሰ። ዙፋኑን ይልቀቁ ብለው የመከሩት እሳቸው ራሳቸው አሁን ይመለሱ አሉ፤ ላሊበላም መንበሩን መልሰው ያዙ።

ታሪክ ጸሐፊው ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ርክክቡ አፈ ታሪኩ እንደሚለው በፍቅር የተደረገ መሆኑን ይጠራጠራሉ፤ ከጀርባው የሥልጣን ትግል ያያሉ። ይህን ለታሪክ ዲፓርትመንት ወንድሞቻችን እንተወው። እኛን የገረመን፣ አንድ ንጉሥ ለምን ዙፋኑን አጣ ሲባል ሕዝቡ ለልጅ ልጁ ሊነግር የመረጠው ምክንያት ጦርነትም ረሃብም ሳይሆን አንዲት ላም መሆኗ ነው።

ደግሞም ታሪኩ ንጉሡ ላሟን ውሰዱ ብለው አዘዙ አይልም። የወሰዱት ወታደሮች ናቸው። ምናልባት የታዘዙት ለግብር የሚሆን ከብት እንዲያመጡ ብቻ ይሆናል። ከብት አምጣ የተባለ ወታደር ደግሞ ወደ ባለ ብዙ ከብቱ ደጅ አይሄድም፤ ባለ ብዙ ከብቱ ዘመድ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ቤተ መንግሥት የሚያውቀው ሰው አለው። ወደማይከራከረው ሰው ይሄዳል። በስትራክቸር ትምህርት ጭነት ወደ ጠንካራው አባል ይሳባል ተብለን ተምረናል። በሰው ዘንድ ያየነው ተቃራኒውን ነው። ከላይ የተጫነ ነገር በየደረጃው ያለው ሰው ለሚቀጥለው እያስተላለፈው ይወርድና ማንም ላይ ሊያስተላልፍ በማይችለው ደካማ ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ እኛ ላም እንምጣ። ባለፈው ረመዳን ከካፌ በሚሰጠን ምግብ ላይ ቴምር፣ ሾርባና ሳምቡሳ ለመጨመር መዋጮ አወጣን፤ በነፍስ ወከፍ 200 ብር። በሹራው ስብሰባ የተወሰነው «የቻለ ይስጥ» ተብሎ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ለብሎክ ተጠሪዎች የነገርናቸው ግን «ከብሎካችሁ ይህን ያህል ይጠበቃል፣ እስከ ሐሙስ አስገቡ» የሚል ነበር። «የቻለ» የምትለዋ ቃል ከስብሰባው ክፍል ሳትወጣ ቀረች። ማንም ሆን ብሎ አልደበቃትም። ሐሙስ ቅርብ ነበር፣ ሳምቡሳ የምትጠብሰዋ እናት ቀብድ ትጠይቃለች፣ ስለዚህ አሳጠርነው።

ተጠሪዎቻችን ታታሪዎች ናቸው። አንዱ የብሎኩን ልጆች ስም ዝርዝር አወጣና ከከፈለው ሰው ስም አጠገብ ራይት እያደረገ ማታ ማታ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጠፈ። የእሱ ብሎክ ገንዘብ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። በስብሰባ ላይ ስሙን ጠርተን አመሰገንነው፣ ሌሎቹም ከእሱ እንዲማሩ ነገርናቸው። ዝርዝሩ ከተለጠፈው በላይ ዛሬ የሚያሳፍረን ያ ምስጋና ነው። የምትመሩት ሰው ምን እንደምትፈልጉ የሚማረው ከትእዛዛችሁ ይልቅ ከምታመሰግኑት ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ ፍጥነትን አመሰገንን። በሳምንቱ ሁለት ሌሎች ብሎኮችም ዝርዝር መለጠፍ ጀመሩ።

በዚያ ዝርዝር ላይ እስከ መጨረሻው ራይት ያላገኘ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድም ነበር። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር አላፈጠረም። የካፌ ምግቡን በፌስታል እየያዘ ዶርሙ ገብቶ ብቻውን ያፈጥር ነበር፣ ረመዳን እስኪወጣ። እኛ ብዙ ሰው እናስፈጥር ስለነበር የአንድ ሰው መጉደል አልታየንም። ያወቅነው ከዒድ በኋላ ሲሆን የነገረንም ከጀመዓችን ሰው አይደለም። የዶርም ጓደኛው የሆነ ክርስቲያን ልጅ ከእኛ አንዱን ላብራቶሪ ውስጥ አገኘውና «ቆይ፣ ይህን ልጅ ምን አድርጋችሁት ነው?» አለው። ተጠሪ፣ ዘርፍ፣ ሹራ ብለን የዘረጋነው መዋቅር ሁሉ ያላደረሰልንን ወሬ ከመዋቅሩ ውጭ ያለ ሰው አደረሰው።

በመድረሳ ስለ ዘካ የቀራ ሁሉ የሙዓዝ ኢብን ጀበልን (ረ.ዐ) ወደ የመን መላክ ያውቃል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሀብታሞቹ ተወስዶ ለድሆቹ የሚመለስ ዘካ እንዳለ እንዲያሳውቁ ሲያዟቸው፣ በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ከሰዎቹ ንብረት ምርጥ ምርጡን እንዳይወስዱ አስጠነቀቋቸው። ከተበደለ ሰው ዱዓም እንዲጠነቀቁ፣ በዚያ ዱዓና በአላህ መካከል ግርዶ እንደሌለ ነገሯቸው። ልጆች ሳለን ይህን የዘካ ሕግ ብለን በቃል ይዘነው ነበር፤ ሰው አላላክ የሚያስተምር መሆኑን ያየነው ላማችንን ከወሰድን በኋላ ነው። ሙዓዝ (ረ.ዐ) ከሶሓባዎቹ ዓሊሞች አንዱ ናቸው። ወሰኑ የተነገራቸው ስላልታመኑ አይደለም። እኛ ግን ተጠሪዎቻችንን ስለምናምናቸው ወሰን መንገር እንደ ስድብ ይቆጠራል ብለን አሰብን።

ስለዚህ አሁን ሰው ስንልክ ምን እንዲያመጣ ብቻ አንነግረውም። ከማን እንዳይጠይቅ፣ የተባለው ካልሞላ ምን እንደሚሆን አብረን እንነግረዋለን። የመጨረሻው ይበልጥ ይረሳል። ገንዘቡ ባይሞላ ሳምቡሳው ይቀራል፣ ቴምር ይበቃል ብንል ኖሮ ያ ተጠሪ ማታ ማታ ዝርዝር ይዞ አይቀመጥም ነበር። እሱም እንደ ወታደሩ ባዶ እጁን መመለስ ፈርቶ ነው። ከዚያ የነገርነውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግረን እንጠይቃለን፤ መጀመሪያ ያስቃል፣ ስንት ነገር እንደተጣመመ ስታዩ ግን ሳቁ ይቀራል። መዋጮም ስም ሳይጻፍ በሳጥን ወይም በጀመዓው ቴሌብር ይገባል፣ የሚታወጀው ድምሩ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ገንዘቡ አንሷል፤ አንደብቃችሁም።

ወሬ ወደ ኃላፊው የሚደርስበት መንገድ ደግሞ ከዚህ የከበደ ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል። ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን (634–644 እ.ኤ.አ.) ሹሞቻቸውን ከሕዝቡ ጋር በሐጅ ወቅት እያገናኙ ቅሬታ ይሰሙ ነበር፤ በሹም ላይ ክስ ሲመጣ ሙሐመድ ኢብን መስለማን (ረ.ዐ) ልከው ቦታው ድረስ ያስጠይቁ ነበር። ስለ ሹሙ የሚጠየቀው ሹሙ ብቻ አልነበረም። በአገራችንም ነጃሺ አሉ። የቁረይሽ መልእክተኞች፣ ዐምር ኢብን አል-ዓስና ጓደኛው፣ ስደተኞቹን ሊያስመልሱ ሲመጡ ቀድመው ስጦታ ያደሉት ለንጉሡ አማካሪዎች ነው። አማካሪዎቹም ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው ይሰጡ አሉ። ነጃሺ ግን ሰዎቹን ራሳቸውን ሳልሰማ አልሰጥም ብለው አስጠሩ፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ) ሰሙ፣ ከዚያም የቁረይሽን ስጦታ መለሱ። ይህን ታሪክ እንደ ኢትዮጵያ ሙስሊምነታችን ኩራት ስንናገረው አድገናል። በዙሪያችሁ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲነግራችሁ ምን እንደምታደርጉ ለማወቅም አንብቡት።

በእኛ ግቢ ይህ ምን ይመስላል? ከሹራው አባል ያልሆነ፣ ለመሆንም የማይፈልግ አንድ ከፍተኛ ዓመት ወንድምና አንዲት እህት ቅሬታ እንዲቀበሉ አደረግን። እህቶች ቅሬታቸው ከዚህ በፊት በወንድሞች ተጠሪ በኩል ይመጣ ነበር፣ ማለትም አብዛኛው አይመጣም ነበር። እህታችን ሥራውን በያዘች በመጀመሪያው ሳምንት ያመጣችው ጉዳይ እኛ በዓመቱ ከሰማነው ይበልጣል። አንዳንዱ የሰላት ቦታ መጋረጃን የመሰለ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ነበር።

ስለ ስጦታ ባጭሩ፦ የኢብኑ ሉትቢያን ሐዲስ ታውቃላችሁ። ዘካ ሰብስበው ተመልሰው ይህ የእናንተ፣ ይህ ለእኔ የተሰጠ ነው ሲሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በእናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ይሰጠው ነበር ወይ ብለው ጠይቀዋል። ለጀመዓው ዕቃ ስትገዙ ሻጩ «ይቺ ለአንተ» ብሎ የሚጨምራት ካርቶን ቴምር የጀመዓው ናት።

ወንድማችንን በተመለከተ መጀመሪያ ያሰብነው ወደ ስብሰባ ልንጠራው ነበር። ከመካከላችን አንዱ የዑመርን (ረ.ዐ) የዱቄት ሸክም አስታወሰን፤ አስለም ልሸከምልዎ ሲላቸው እምቢ ብለው ለተራቡት ልጆች በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው መሄዳቸውን። አሚራችንና ሌላ አንድ ሰው ዶርሙ ድረስ ሄዱ። ጥፋቱ የተጠሪው ሳይሆን ትእዛዙን ያሳጠርነው የእኛ መሆኑን ነገሩት፣ አውፍ እንዲላቸውም ጠየቁት። ዝርዝሩ በተለጠፈበት በዚያው ግሩፕ ላይም፣ የማንንም ስም ሳንጠራ፣ አሠራሩ ስህተት እንደነበርና ያዘዝነው እኛ እንደሆንን ጻፍን፤ ተጠሪው ብቻውን ተጠያቂ ሆኖ እንዲታይ አልፈለግንም። ወንድማችን አውፍ ብሏል። «200 ብሩ አይደለም፤ ስሜን ማታ ማታ ማየቱ ነው» አለ። ይህን እንድንጽፍ የፈቀደልን እሱ ነው። ጁሙዓ ላይ እናየዋለን፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ ከሰላት በኋላ ግን አይቆይም።

ላሊበላ ዙፋናቸውን መልሰው እንደያዙ ተነግሯል። እኛ አንመለስም። ተመርቀው ከወጡ በኋላ በስልክ ሹራ የሚመሩ ታላላቆች ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ እኛም ቀምሰነዋል። ከደወላችሁ እናነሳለን፣ ካልደወላችሁ አንደውልም። የሳጥኑ ቁልፍ ቅሬታ ከምትቀበለው እህት ጋር ነው። ከመዋጮው የተረፈው 1,340 ብር መዝገቡ ላይ አለ፤ ለምን ይዋል የሚለውን ሳንወስን ትተንላችኋል። ያ ወንድም ደግሞ ዘንድሮም እዚያው ብሎክ ነው፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ