የጓሮ አትክልትን ከዐረም፣ ከተባይና ከአውሬ ስለ መጠበቅ

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው አገር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ጎተራ የሚጐድልበት ጊዜ ነው። ያለፈው ዓመት እህል ያልቃል፤ የዘንድሮው ገና በእርሻ ላይ ነው። በዚህ መካከል ቤተ ሰብን ይዞ የሚያሻግረው በጓሮ ያለው ጎመንና ድንች ነው። በዘመን መለወጫ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» መባሉም ክረምቱን ሙሉ በምድጃ ላይ የኖረችው የጎመን ምንቸት መሆኗን ያስረዳል። ፍልሰታም የሚጾመው በዚሁ ወራት ስለ ሆነ የጾመኛ ቤት ሁሉ ዐይኑ ወደ ጓሮ ነው። እንግዲህ በሐምሌ ወር በአንዲት ሌሊት ጃርት የድንቹን መደብ ቢገለብጠው፣ ባለቤቱ ያጣው አትክልት ብቻ አይደለም፤ የነሐሴ ምሳውን ነው።

ጎመን ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ተክል ነው። ድንች ግን እንግዳ ነው፤ ሺምፐር የተባለ የጀርመን ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ተጽፏል። ዛሬ ግን በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በሲናንና በማቻከል፣ ያለ ድንች ክረምቱን የሚያልፍ ገበሬ ጥቂት ነው። እንግዳው የቤት ልጅ ሆኗልና እንደ ቤት ልጅ መጠበቅ ይገባዋል።

የጓሮ ጠላቶች ሁሉ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። አንዱ በቀን ይመጣል፤ አንዱ በሌሊት፤ አንዱም ከመሬት በታች። ብዙ ሰው የሚደክመው ጕልበት አንሶት አይደለም፤ ጠላቱ በማይመጣበት ሰዓት ዘብ ቆሞ በሚመጣበት ሰዓት ስለሚተኛ ነው።

ዐረም ድምፅ ስለሌለው ከሁሉ የሚያንስ ጠላት ይመስላል። ነገር ግን በደብረ ማርቆስ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው በክረምት ስለሚጥል፣ ሙጃውና መጩ ከተተከለው ቀድመው ይነሣሉ። የዐረም ሰዓቱ ማለዳው ነው፤ ይኸውም ተክሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ችግኙ በተተከለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ በእጅ የታረመ መደብ፣ በኋላ ሦስት ጊዜ ከሚታረመው ይሻላል። ለሁለተኛው ጊዜ ድንቹ ሲታረም አፈሩን ወደ ግንዱ መክመር ነው፤ ይህም ዐረሙን ይቀብረዋል፤ ድንቹንም ከፀሐይና ከትል ይሸፍነዋል። ምንጊዜም ቢሆን ዐረም አበባ ሳያወጣ መነቀል አለበት። ሰርዶ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በዶማ የተቈራረጠ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ቍራጭ እንደ ገና ስለሚበቅል፣ የቈፈረው ሰው ዘራው እንጂ አላጠፋውም። ስለዚህ በበጋ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ሥሩን መዝዞ በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል። እንግጫንም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እየዘፈኑ ይነቅሉታል፤ ባለ ጓሮ ግን እስከዚያ ከጠበቀ ዘግይቷል።

ከተባይ ወገን በችግኝ ላይ የሚከፋው ቈራጭ ትል ነው። በሌሊት ወጥቶ ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ ይቈርጥና ጥሎት ይሄዳል። ባለቤቱ ጧት ሲያየው ወፍ ወይም ዶሮ ያጠፋው ይመስለዋል። ነገር ግን ሌባው ሩቅ አልሄደም፤ ከወደቀው ችግኝ ሥር አፈሩን በጣት ቢጭሩት ተጠቅልሎ ተኝቶ ይገኛል። ይህ ሥራ ለተማሪዎች የተመቸ ነው፤ ከደወል በፊት በትምህርት ቤቱ መደብ ላይ ቢያዩት በማግስቱ በቤታቸው ያደርጉታል። መሬቱም በበጋ ቀድሞ የተገለበጠ እንደ ሆነ ትሉ ለፀሐይና ለወፍ ስለሚጋለጥ ቍጥሩ ይቀንሳል።

የጎመን ክሽክሽ ደግሞ ሰዓቱ ዝናብ ሲያቋርጥ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ያጥበዋል፤ ከመስከረም በኋላ ግን በቅጠሉ ሥር እንደ ዱቄት ሆኖ ይሰፍርና ቅጠሉን ይጠቀልለዋል። ከተጠቀለለ በኋላ አመድ ቢነሰነስበት አይደርሰውም። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት፣ ጥቂት ሲታይም በጣት ማሸት ወይም በሳሙና ውሃ ማጠብ ነው። ዘር የሚያዝበትን አሮጌ ጎመን ከአዲሱ መደብ ማራቅ ይገባል፤ ክሽክሹ በጋውን የሚከርመው በርሱ ላይ ነውና። ቀይ ሆና ጥቁር ነጥብ ያላት ትንሿ ጥንዚዛ ክሽክሽን የምትበላ ስለ ሆነች ልጆች እንዳይገድሏት ማስተማር ያስፈልጋል። በጎመኑ መካከል ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም መትከል ጥቂት ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ቢረዳም ቅጠል ገልብጦ ከማየት አያሳርፍም።

ከገበያ የሚገዛ የተባይ መድኃኒት ለጓሮ ጎመን የመጨረሻ ነገር ይሁን። ለእህል ወይም ለወባ ትንኝ የተሠራውን ለሚበላ ቅጠል መርጨት ቤተ ሰብን መመረዝ ነው። የተፈቀደውም ቢሆን ከተረጨ በኋላ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ አይቀጠፍም፤ ባዶው ዕቃም ውሃ መቅጃ አይሆንም። በክፉ ቀን ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ በአገሩ ላይ እንደ መጣው ያለ አንበጣና ተምች የተነሣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ከአንድ ጓሮ በላይ ነው፤ ቶሎ ለመንግሥት ማስታወቅ ነው።

ፍልፈል ከመሬት በታች ስለሚሠራ አጥር አያግደውም፤ ውሻም አያየውም። ድንቹ ከላይ ለምለም ሆኖ ሳለ ድንገት ይጠወልጋል፤ ሲነቅሉት ሥሩ የለም። ጭስ ቢያስገቡበት መንገዱን በአፈር ደፍኖ ያመልጣል፤ ውሃ ቢያፈሱበት ብዙ እንስራ ያስጨርሳል። ሽማግሎች የሚያውቁት ዘዴ ከሁለቱ ይበልጣል፤ እርሱም በእንስሳው ጠባይ ላይ የቆመ ነው። ፍልፈል ብቻውን የሚኖር ነው፤ የተከፈተ መንገድም አይወድም። ጕድጓዱ ተከፍቶ ነፋስና ብርሃን ሲገባበት ሊደፍነው ይመጣል። ስለዚህ አዲሱን የአፈር ክምር አንሥቶ መንገዱን መክፈት፣ ከዚያም ሳይረግጡና ሳይናገሩ ጥቂት ራቅ ብሎ መቆም ነው። አፈሩ ሲነቃነቅ ከኋላው መንገዱን በዶማ ቢቈርጡበት መመለሻ ያጣል። መቆም የማይችል ሰው በተከፈተው አፍ ላይ ወጥመድ ያኖራል። ትዕግሥት የሌለው ግን ጓሮውን ሁሉ ቈፍሮ ከፍልፈሉ ይልቅ እርሱ ያጠፋዋል።

ጃርት ሌሊት ይመጣል፤ ዱባና ድንች ይወዳል፤ የሚገባውም በአንድ በለመደው ቀዳዳ ነው። ከአጥር በታች ይሾልካል እንጂ አይዘልም። ስለዚህ ከፍ ያለ እሾህ አጥሮ ግርጌውን ክፍት የተወ ሰው ለጃርት በር ሠርቷል። ከታች ድንጋይ መካብ፣ ከላይ ቀጋና አጋም መደርደር፣ ከውጭም ሰንሰል መትከል መልካም ነው፤ ሰንሰልን ቅጠሉ መራራ ስለ ሆነ ከብት አይበላውም። ውሻ ይበቃል የሚል ሰው አለ፤ ነገር ግን ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ውሻው ከምድጃ ዳር ይገኛል። መርዝ ማስቀመጥ ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ ውሻውንና ጥንብ አንሣውን ይገድላልና። ሚዳቋንና ድኩላንም በአጥር መከልከል እንጂ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ዝንጀሮና ጦጣ ከነዚህ ሁሉ ይለያሉ። አጥር ይወጣሉ፤ ሰውም ያያሉ፤ ጠባቂው ሲሄድ ያውቃሉ። የሚመጡትም በቀን ነው፤ በትምህርት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ በገደልና በወንዝ ዳር ባሉ መንደሮች ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውለው ልጅ ነው፤ በዚያን ቀን ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አባቱን መንቀፍ አይገባም፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ቢሰድድ ድንቹን ያጣል፤ ድንቹን ቢጠብቅ ልጁ ከፊደል ይቀራል።

ይህን የሚፈታው አንድ ቤት ብቻውን አይደለም። አምስት ቤቶች ድንቻቸውን በየገደሉ አፍ ከመበታተን በአንድ ስፍራ አጠገብ ላጠገብ ቢተክሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ጌሾውን በዳር፣ ድንቹን በመካከል ቢያደርጉ፣ በአምስት ጠባቂ ፈንታ አንድ ይበቃቸዋል። ለአጨዳ ወንፈል የሚገባባው ሰው ለጥበቃም መግባባት አያቅተውም። ተራው በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ተራ የደረሰበትም ቤት በትምህርት ሰዓት ሽማግሌ ወይም ጎልማሳ ቢያቆም፣ ልጁ ከትምህርት መልስ እስከ ማታ ይተካዋል። መምህሩ ደግሞ የስም መጥሪያ መዝገቡን ገልጦ፣ ድንች በሚደርስበት ወራት የትኞቹ ልጆች በየትኛው ቀን እንደሚቀሩ ይቍጠር። የነዚያንም ልጆች መንደር ለይቶ ጽፎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ በዛፍ ጥላ ሲቀመጡ ይዞላቸው ይሂድ፤ የሰኞው ተራ የማን እንደ ሆነ እዚያው ይቈረጣል።