አብሽሪ፣ አሰልቺውን ለማሽኑ ስጪው

መርሳ ላይ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ከፍተሽ በቀን ስንት ጊዜ «ሰሜን ወሎ» ብለሽ ትጽፊያለሽ? ለፓስፖርት የመጣ አለ፦ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ከተማ። ለሥራ ማመልከቻ የመጣ አለ፦ አሁንም ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ከተማ። ደንበኛሽ ከውርጌሳም ይምጣ ከጊራና፣ ከሲሪንቃም ይምጣ ከዚያው ከመርሳ፣ ስሙ፣ የልደት ቀኑና ከተማው ይለያያል እንጂ ክልሉ አማራ፣ ዞኑ ሰሜን ወሎ፣ ወረዳው ሀብሩ ነው። አንቺ ግን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ትለቅሚዋለሽ።

እጅሽ ፈጣን መሆኑን አልጠራጠርም። ወልድያ ላይ ተመሳሳይ ሥራ የያዘ አንድ ልጅም ኪቦርዱን ሳያይ ነው የሚጽፈው። ፈጣን እጅ ግን ድካሙን ያሳጥረዋል እንጂ አያስቀረውም። ዛሬ የማወራሽ ስለሚያስቀረው ነገር ነው። «ፕሮግራሚንግ ለኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ነው» ብለሽ ገጹን ልታልፊው ከሆነ፣ አብሽሪ፣ አንድ ጊዜ ታገሺኝ። ደጋግመሽ የምትሠሪውን ሥራ ለአዲስ ተቀጣሪ «መጀመሪያ እዚህ ንኪ፣ ቀጥለሽ ይህን ጻፊ፣ ይህ ከመጣ ተይው» ብለሽ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ከባዱን ግማሽ ቀድሞውኑ ታውቂዋለሽ። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ያንኑ ማስረዳት ነው፤ ልዩነቱ ምንም ነገር በግምት አለመረዳቱ ብቻ ነው።

ከትንሹ እንነሳ። ብራውዘርሽ ላይ የምታስቀምጪው ቡክማርክ አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጽ አድራሻ ነው። በአድራሻው ቦታ ግን «ጃቫስክሪፕት» ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ፣ ሁለት ነጥብ አድርገሽ፣ ቀጥሎ ትእዛዝ ማስገባት ትችያለሽ። ያን ቡክማርክ ስትጫኚው ሌላ ገጽ አይከፍትም፤ ፊትሽ ባለው ገጽ ላይ ትእዛዙን ይፈጽማል። የሚጫን ፕሮግራም የለም፣ የሚከፈል ገንዘብ የለም፣ ያረጀ ላፕቶፕም ይበቃዋል።

ምን ብለሽ ታዥዋለሽ? ፎርሙ ላይ «ዞን» የሚለውን ሳጥን በማውዙ ቀኝ ተጫኝና «ኢንስፔክት» የሚለውን ምረጪ። በጎን በኩል አንድ መስኮት ይከፈትና የሳጥኑን ውስጣዊ ስም ያሳይሻል። እያንዳንዱ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ መለያ አለው። ትእዛዝሽ እንግዲህ «ይህ መለያ ያለውን ሳጥን ፈልግ፣ ውስጡ ሰሜን ወሎ ብለህ ጻፍ» ማለት ነው። ብራውዘሩ በሚረዳው ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ አንድ መስመር ነው። ለሦስቱ ሳጥን ሦስት መስመር፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ደንበኛው ወንበሩን እስኪስብ ሦስቱ ሳጥኖች በአንድ ጠቅታ ተሞልተው ይጠብቁታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጥባት አንዲት ቦታ አለች፤ ቀድመሽ እወቂያት። ሳጥኑ ተሞልቶ በዓይንሽ እያየሽው፣ «ላክ» ስትዪ ገጹ «ዞን አልሞሉም» ብሎ ይመልስሻል። ያበደ ይመስላል፤ አላበደም። የዛሬዎቹ ድረ ገጾች ብዙዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይሆን ኪቦርድ ሲነካ የሚሰማውን ምልክት ነው የሚከታተሉት። ስክሪፕትሽ፣ ማለትም የጻፍሻቸው ትእዛዞች፣ ጽሑፉን ከውስጥ ስላስቀመጠው ምልክቱ አልተሰማም። አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ከጻፍሽ በኋላ «አሁን ተጽፏል» የሚለውን ምልክት በስክሪፕቱ መላክ ነው፤ እሱም አንድ መስመር ነው፤ «ኢንፑት ኢቨንት» ብለሽ ብትፈልጊ ታገኚዋለሽ። ከዞን በኋላ የሚከፈት የወረዳ ዝርዝር ካለ ደግሞ፣ ስክሪፕቱ ዝርዝሩ እስኪመጣ ትንሽ እንዲጠብቅ ንገሪው። አንቺም ትጠብቂው የለ።

«መብራት በሌለበት፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት ከተማ?» ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ ምን ያህል ሥራ እንደቆመ ከአንቺ በላይ የሚነግረኝ የለም። ለዚህ ሥራ ግን ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከሚመስለው ያነሰ ነው። መስመር በመጣ ቀን ፎርሙን ክፈቺና ገጹን እንዳለ ፍላሽሽ ላይ አስቀምጪው። የሳጥኖቹ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ቡክማርክሽን ያለ ኔትወርክ በተቀመጠው ገጽ ላይ ደጋግመሽ ትሞክሪዋለሽ። የማንም ማመልከቻ ሳይበላሽ ትማሪያለሽ ማለት ነው። መብራቱም ከጠፋ ወረቀት አውጪና ሥራሽን ደረጃ በደረጃ ጻፊው። እኔ እንዲያውም መብራት ቢኖርም ከወረቀት መጀመርን እመርጣለሁ፤ ኪቦርድ ፊት የተቀመጠ ሰው ሳያስብ መጻፍ ይጀምራል።

ይህን የመሰለ ነገር የሚፈጥሩት ሊቃውንት ብቻ ይመስሉሻል? እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ፣ ቶትወርክስ በሚባል ኩባንያ የሚሠራ ጄሰን ሃጊንስ የሚባል ባለሙያ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ የያዙት ሥራ ሠራተኞች ሰዓታቸውንና ወጪያቸውን የሚመዘግቡበት የድረ ገጽ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በተነካ ቁጥር በየብራውዘሩ እየከፈቱ፣ እየሞሉ፣ እየተጫኑ መፈተሽ ነበረባቸው። ሃጊንስ ሰለቸው። በጃቫስክሪፕት ብራውዘሩን ራሱን የሚነዳ ነገር ጻፈ። ያ ነገር ዛሬ ሴሌኒየም ተብሎ ዓለም የሚጠቀምበት መሣሪያ ነው፤ ከእሱ የወጣው ብራውዘርን የማዘዣ ዘዴም እ.ኤ.አ. በ2018 የድር ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆነ። መነሻው የወጪ መመዝገቢያ ፎርም መሆኑን ልብ በይ። ከአንቺ ፎርም የሚሻልበት ነገር አይታየኝም።

ቡክማርኳ ስትጠብሽ ቀጣዩ ደረጃ ክሮም ውስጥ ተቀምጦልሻል። ኤፍ12ን ስትጫኚ በሚከፈተው መስኮት ውስጥ «ሪከርደር» የሚባል አለ። «ቅዳ» ብለሽ ሥራሽን እንደ ወትሮው ትሠሪያለሽ፤ እሱ የነካሽውንና የጻፍሽውን ሁሉ በደረጃ ይመዘግብና መልሶ ይሠራልሻል፤ ከፈለግሽም ወደ ስክሪፕት ቀይሮ ይሰጥሻል። ያን ስክሪፕት ማንበብ ከብዙ ኮርስ ይበልጣል፤ የራስሽ ሥራ ነዋ! ከዚያ ወዲያ ፓይተን የሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አለ። አል ስዋይጋርት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው «አውቶሜት ዘ ቦሪንግ ስታፍ ዊዝ ፓይተን» የተባለው መጽሐፍ በደራሲው ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል፤ ብራውዘርን ስለማዘዝም የሚያስተምር ክፍል አለው።

አሁን ደግሞ የውጭ ሰው ሊሠራልሽ የማያስበው፣ አንቺ ግን በአንድ ከሰዓት የምትጨርሺው ሥራ ልንገርሽ። የስም ዝርዝር ድረ ገጽ ላይ ወጣ እንበል፤ የሥራ ፈተና የሚፈተኑ ሰዎች ዝርዝር። ደንበኛሽ ኃይሉ ይባላል። ኮንትሮል ኤፍ ብለሽ ስሙን ትፈልጊያለሽ፤ የለም። ልጁ ደንግጦ ሊወጣ ሲል ዓይንሽ ዝርዝሩ መሀል «ሀይሉ» ላይ ያርፋል። ያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ይጻፋል፤ ስድስት አማራጭ ነው። ለብራውዘሩ ስድስቱም የተለያዩ ናቸው። የወረዳችን ስም ራሱ አንዱ ሰነድ ላይ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው ላይ በሐመሩ ሐ ነው።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 የኮምፒውተር ፊደላት ስታንዳርድ በሆነው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቁጥሮቹም በቤተሰብ በቤተሰብ የተደረደሩ ናቸው። ሐ ከሀ በ16 ትበልጣለች፤ ሑም ከሁ በ16፤ ሒም ከሂ በ16። ሰ ከሠ በ16 ትበልጣለች። ፀ ከጸ የምትርቀው በ8 ብቻ ነው። ዐ ከአ በ48፣ ኀ ከሀ በ128። ስለዚህ ስክሪፕትሽ እያንዳንዱን ሆሄ በስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ «ከዚህ እስከዚህ ያለውን 16 ቀንስ» ማለት አንድን ቤተሰብ በሙሉ ወደ ሌላው ይመልሳል። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መለወጥ ብቻ ለብቻው ይታከላል። የገጹን ጽሑፍም የፈለግሽውን ስምም እንዲህ ወደ አንድ መልክ ካመጣሽ በኋላ ብታመሳክሪያቸው ኃይሉ ከየትም ይገኛል። ፀሐይም፣ ዓለሙም፣ ሠናይትም። ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመርሳ ግቢ ተማሪዎች መካከል ይህን አብሮሽ ሊሠራ የሚጓጓ ባይገኝ ይገርመኛል።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው ጓደኛሽም ትስማ። ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ 20 ያለውን ሪፖርት ዲኤችአይኤስ2 በሚባለው የጤና መረጃ ሲስተም ላይ የምታስገባው በብራውዘር ነው፤ ሲስተሙ የተዘጋጀ ፋይልም መቀበል ይችላል፤ የአስተዳዳሪውን ፈቃድ ትጠይቅና ትማረው። ቁጥር ማስተላለፍ ግን አንድ ነገር ነው፣ ቁጥር መሙላት ሌላ። ባዶውን ሳጥን በግምት የሚሞላ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ከሥራው ቢርቅ ይሻላል።

በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምረሽ ከሆነ እሰየው፤ በነፃ የሚሰጥ ነው፣ ሰርተፍኬትም አለው። ጥያቄው ከሰርተፍኬቱ ማግስት ምን ትሠሪበታለሽ የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው «ምን ዓይነት አፕ ልፍጠር?» እያለ ሲያስብ የተማረው ይረሳዋል። አንቺ ጠረጴዛሽ ላይ በየቀኑ የሚደጋገም ሥራ አለሽ፤ እሱ ፕሮጀክትሽ ነው።

የማትነኪያቸው ነገሮችም አሉ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ቀን የአገሩ ተማሪ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ይሰለፋል፤ በየሴኮንዱ የሚጠይቅ ስክሪፕት ማሰማራት ወረፋ መግፋት ነው፤ ሰርቨሩንም ሊጥለው ይችላል። የዲቪ ፎቶን 600 በ600 ፒክሰልና ከ240 ኪሎባይት በታች አድርጎ የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ጥሩ ነው፤ ፎርሙ ላይ ሰው መሆንሽን ለማረጋገጥ የሚመጣውን የተጣመመ ፊደል ለማለፍ መሞከር ግን የደንበኛሽን ዕድል መቆመር ነው። የሰው የይለፍ ቃል ስክሪፕት ውስጥ አትጻፊ፤ የደንበኛን መረጃም «ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል» ብለሽ አታስቀምጪ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ለዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ ያገኘሽውን ያልገባሽን ኮድም በኤፍ12 በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ያለው ኮንሶል ላይ አትለጥፊ፤ ክሮም ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለጥፊ የሚያስጠነቅቅሽ ሌቦች በዚሁ መንገድ አካውንት ስለሚዘርፉ ነው።

«ታዲያ ሥራው ከፈጠነ ዋጋ ልቀንስ?» አትቀንሺ። የተረፈሽን ጊዜ ማሽኑ የማይችለው ቦታ ላይ አውዪው። ወሎ ውስጥ ስንት መሐመድ አለ? በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰነድ ላይ በኦ ነው፣ ሌላው ላይ በዩ፤ አንዱ ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ላይ በሁለት። የፋይዳ መታወቂያው አንድ ዓይነት፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛ ሆኖበት ስም ለማስተካከል ስንቱ ይመላለሳል። ስለዚህ ሦስቱ ሳጥኖች በአንድ ጠቅታ ሲሞሉ እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺና ደንበኛሽን «ወንድሜ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬትህን ይዘኸዋል? መታወቂያህንስ? እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው» በይው። ካልያዘ ቤቱ ሄዶ ያምጣ፤ አንቺ ትጠብቂዋለሽ፣ አሁን ጊዜ አለሽ።