ልጆቿን በአፏ የምትሸከመው ዓሣ

ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ጉዞአችን ይጻፍ በተባለ ጊዜ የገዳሙን ታሪክ ወንድሞች ስለ ወሰዱት፣ ለእኔ የደረሰኝ ስለ ዓሣ መጻፍ ነው። ቅር አላለኝም፤ ምክንያቱን ታያላችሁ።

ከቧንቧ ውሃ ማለዳ ተነሥተን፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደረስን። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ለሴት አይፈቀድምና፣ ወንድሞች ወደዚያ ሲገቡ እኛ እኅቶች በሐይቁ ዳር ቀረን። አንዷ እግሯን ልትታጠብ ወደ ውሃው ስትጠጋ፣ መረባቸውን ሲጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ «ተይ ልጄ፤ ቤታቸውን ትረግጪባቸዋለሽ» አሏት።

ጎንበስ ብለን አየን። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ የእንጀራ ምጣድ የሚያህሉ ክብ ጉድጓዶች በአሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። በየጉድጓዱ ላይ አንድ ዓሣ ይዞራል፤ ሌላ ሲቀርበው ያባርራል። ይህ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ነው። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ወንዱ ሲሆን፣ አሸዋውን በአፉ እያነሣ ወደ ውጭ ይተፋል። ሴቲቱ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ወንዱ ዘሩን ያፈስበታል፤ እርሷም እንቁላሉን በአፏ ሰብስባ ትሄዳለች። የአባትየው ድርሻ በዚህ ያበቃል፤ እዚያው ቆሞ ሌላ ሴት ይጠብቃል። (ወንድሞች በዚህ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።) እንቁላሉ በአፏ ውስጥ እንዳለ በጥቂት ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ነገሩ ሁሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ እናቲቱ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጴጥሮስ በአፉ ውስጥ ገንዘብ ያገኘበትን ዓሣ ታስታውሳላችሁ። በገሊላ ባሕርም እንቁላላቸውን በአፋቸው የሚያሳድጉ የቆሮሶ ዘመዶች አሉ።

ወንድሞች ሲመለሱ ይህን ነገርናቸው። አንዱ፣ ትራውት የሚባል የቀዝቃዛ ተራራ ወንዝ ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን በጠጠር ውስጥ ቀብሮ እንደሚሄድ ማንበቡን ተናገረ። እውነት ነው፤ ይህ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞችም ተለቋል። በጣናም ነጭ ዓሣ የሚባሉት በክረምት ጉማራን ወደመሳሰሉ ገባር ወንዞች ለመራባት ይወጣሉ፤ በመንገዳቸው መረብ ስለሚዘረጋባቸው ቁጥራቸው እጅግ ቀንሷል። ቆሮሶ ግን ወንዝ መውጣት አያስፈልገውም። ቤቱ ዳርቻው ነው፤ አደጋውም የሚመጣበት ከዚያው ነው።

ደግሞ ቆሮሶ የሐይቅ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰው እጅ የገባ ነው። ቀድሞ ሐይቁ ብዙ ሜትር ወደ ታች ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ በኋላ ደፍርሷል። አጥኚዎች ለዚህ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የቆሮሶ መግባት ነው፤ አረንጓዴውን የውሃ ሽበት የሚበሉትን ደቃቅ ነፍሳት ዓሣው ይበላቸዋልና። እንግዲህ ያመጣነው እኛው ነን።

ሽማግሌው እንደ ነገሩን፣ እናቲቱ በመረብ ስትያዝ በአፏ ያለውን ሁሉ ትተፋለች። በዳርቻው ቀዳዳው ጠባብ መረብ የሚጎትት ሰው አንድ ዓሣ ሲያወጣ ስንቱን እንደሚያጠፋ አስቡ።

«ታዲያ አባባ፣ በዚህ ወቅት ባይያዝ ምን አለበት?» አልናቸው።

«ልጆቼ ምን ይብሉ?» አሉን። ቀጥለውም፣ «እናንተስ ጾም ሲገባ ዓሣ ዓሣ ትሉ የለም?»

መልስ አልነበረንም። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምህሮቻችን እተዋለሁ፤ ገበያው ግን ክርክሩን አይጠብቅም።)

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ለጥናት ጉባኤያችን የሚሆን ነው። አንዲት እኅት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 6ን አስታወሰች፤ በጎጆዋ ያለችን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር እንዳንወስድ የሚያዘውን። አንድ ወንድም፣ ሕጉ የተነገረው ስለ ወፍ እንጂ ስለ ዓሣ አይደለም አለ። እርሷም፣ ወፍና ዓሣ በአንድ ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ተፈጥረው በአንድነት እንደ ተባረኩ ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን ገልጣ አሳየችው። እርሱም፣ በዚያው ሕግ ጫጩቶቹን መውሰድ ተፈቅዷል፤ የምትለቀቀው እናቲቱ ናት፤ እናትና ልጅ በአንድ አፍ ውስጥ ሲሆኑ ማንን ትለቅቂያለሽ? አላት። ይህ ለቀልድ የተባለ ቢሆንም እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ ግን መልሱ ከመያዙ በፊት ነው እላለሁ፤ ጉድጓዶቹ ባሉበት ዳርቻ መረብ ካልገባ ማንን ልልቀቅ የሚል ጥያቄ አይመጣም። ጥልቁ ለአጥማጁ፣ ዳርቻው ለእናቲቱ ቢሆን ሽማግሌውም የሚያጠምዱት አያጡም።

ዕለቱ የፍስክ ቀን ስለ ነበር ለምሳ የታዘዘው ጥብስ ዓሣ በዚህ መካከል ቀረበ። ጥቂቶች ተዉት፤ የሚበዙት በሉ። እኔም በላሁ። ከጥልቁ ነው ከዳርቻው የተያዘው? ብዬ ያቀረበልንን ልጅ ብጠይቀው፣ አላወቀም።